መለኪያውን ማን ይለካዋል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ናይሮቢ ውስጥ፣ በአርቦሬተም መናፈሻ በተካሄደ የፋሽን ፎቶግራፍ ሥራ ላይ አስተርጓሚ ሆኜ ዋልኩ። ባለካሜራው አማርኛ አያውቅም፤ ሞዴሏ ከአዲስ አበባ ከመጣች ገና ወር ያልሞላት ወጣት ነበረች። ሰውዬው የፈለገው አዲስ የገዛውን ካሜራና ሌንሶቹን ለመፈተሽ ነው። ልጅቱ ነጭ የሀበሻ ቀሚስ ለብሳ ከረፋድ እስከ ቀትር ፀሐይ ላይ ቆመች።

የመጀመሪያዎቹ ፎቶግራፎች ሲታዩ የቀሚሱ ጥለት ክሩ እስኪቆጠር ጥርት ብሏል። ፊቷ ግን ጠቁሮ ዓይኖቿ እንኳ አይለዩም። ሰውዬው «ቆዳዋ አስቸጋሪ ነው» አለ። እሷም ወደኔ ዞራ «ጋሼ፣ ምን አለ?» ስትል ጠየቀችኝ።

«ብርሃኑ አስቸግሮኛል ነው የሚለው» አልኳት።

አስተርጓሚ የተባለውን ሳይጨምር ሳይቀንስ እንዲያደርስ ይጠበቅበታል። እኔ ግን አውቄ ቃል ለወጥኩ። ዋሸሁ ወይስ ራራሁ? ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

በኋላ ነገሩን ሳጠና የካሜራ የብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ እንደሚገምት ተረዳሁ፤ ካረፈበት ብርሃን ከመቶ 18 ያህሉን የሚመልስ ግራጫ ማለት ነው። ሰፊ ነጭ ቀሚስ ከፊቱ ሲቆም ብርሃን የበዛ ይመስለውና ምስሉን በሙሉ ያጨልማል። ቀሚሱ ይድናል፤ ፊት ይጠፋል። በዚያ ላይ የምድር ወገብ አካባቢ የቀትር ፀሐይ ከአናት ስለሚወርድ ዓይን በቅንድብ ጥላ ይሸፈናል።

ከዚህ የከፋም ታሪክ አለ። ኮዳክ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለቀለም ማስተካከያ ወደ ማተሚያ ቤቶች የሚልከው ካርድ የአንዲት ነጭ ሴት ምስል ነበረበት፤ «የሸርሊ ካርድ» ይባል ነበር። የእርሷ ፊት ካማረ ፊልሙ ደህና ነው ተባለ። የጥቁር ቤተሰብ ልጆች በትምህርት ቤት ፎቶግራፍ ላይ ሲጠፉ አቤቱታው ብዙም ሰሚ አላገኘም። የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች የቡናማው ዓይነት አልለይ አለን ብለው ሲያማርሩ ግን ፊልሙን ማሻሻል ተጀመረ። በተዛባ ቁና የተሰፈረ እህል ቢጎድል ጥፋቱ የእህሉ አይደለም።

እንግዲህ ለልጅቱ የነገርኳት ከተባለው ይልቅ ለእውነት የቀረበ ሆኖ ተገኘ። ይሁን እንጂ ይህ ነጻ አያወጣኝም፤ ያን ጊዜ ይህን አላውቅም ነበርና። የባሰው ጥፋቴ ደግሞ ሌላ ነው። እሷን ከቃሉ ከለልኳት፤ ቃሉን ግን ለባለቤቱ ሳልመልስ ተውኩት። ርኅራኄዬ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚተረጉም ሆነ። እሱ እስከ ዛሬ አስቸጋሪ ቆዳ አለ ብሎ ያምን ይሆናል፤ በሌላ ቀን፣ በሌላ አስተርጓሚ አፍ ቃሉ ለሌላይቱ ይደርሳል።

በመጨረሻ ረዳቱ ልጅቱን ወደ ዛፍ ጥላ ወስዶ መለኪያውን በፊቷ ላይ ብቻ አነጣጠረ። ፊቷ ከነሙሉ ወዙ ወጣ። ሰውዬው ምስሉን አይቶ «ግሩም ካሜራ ነው» አለ፤ ይህንንም ተረጎምኩላት። እሷም ፈገግ አለች።

ያን ቀን ማለት የነበረብኝ አጭር ነበር፦ «ያሉትን እነግራታለሁ፤ ነገር ግን ከመንገሬ በፊት አንድ ጊዜ ፊቷን ይለኩ።»