የተማሪ እንግድነት

ለትምህርት ወደ አውሮፓ የተሻገረ ወጣት ከመማሪያ ክፍል ውጭ የሚያሳልፈው ጊዜ፣ ማለትም በየከተማው መዞሩ፣ ከባዕድ ጋር ማዕድ መቅረቡና ወዳጅ ማፍራቱ፣ የትምህርቱ አካል ነው ወይስ ከትምህርቱ ላይ የተቀነሰ?

ለይፋት ቆላና ለአንኮበር ደጋ ሰው ጥያቄው እንግዳ አይደለም፤ ኪታብ ለመቅራት ከሼኽ ወደ ሼኽ የሚሄደው ደረሳም ሆነ ቅኔ ፍለጋ ከደብር ደብር የሚዞረው የቆሎ ተማሪ የሚማረው ከቀዬው ርቆ፣ የማያውቀው ሰው በሚሰጠው እህል እየኖረ ነውና። እንግድነት ሲባል እዚህ ላይ መስተንግዶ ማግኘት ብቻ አይደለም፤ ሰው ለጉርሱ፣ ለማደሪያውና ለአነጋገሩ ጭምር የሌሎችን በጎ ፈቃድ የሚሻበት፣ ስለዚህም እነርሱን አስተውሎ ለማየት የሚገደድበት ሁኔታ ነው።

ይህን በተገላቢጦሽ ያሳየችው አሊዩ አምባ ናት። ከአንኮበር ቁልቁል ያለችው ይህች ከተማ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራና ከሐረር የሚመጣ ሲራራ ነጋዴ የሚያራግፍባት ገበያ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1841 ካፒቴን ኮርንዋሊስ ሃሪስ የእንግሊዝን መልእክተኞች እየመራ፣ ስጦታና አጃቢ አስከትሎ ሸዋ ገባ፤ በዓመቱ የመጣው ቻርልስ ጆንስተን ግን አሊዩ አምባ ውስጥ ቤት ይዞ ከሰፈሩ ሰው ጋር ኖረ። ሁለቱም በ1844 መጽሐፍ ቢያሳትሙም፣ የሸዋን ሰው የዕለት ኑሮ ማወቅ ለሚሻ አንባቢ የበለጠ የሚጠቅመው የጆንስተን ነው፤ በአጃቢ የታጠረ መንገደኛ ከጎረቤት የሚማረው ጥቂት ነውና።

ከመቶ ዓመት በኋላ ጉዞው ከዚያው ተራራ ወደ አውሮፓ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1932 አንኮበር የተወለደው ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምሕንድስና እንዲያጠና ነበር። ሲመለስ ስለ ረጃጅም ሕንፃዎችና ስለ ሰፋፊ መንገዶች ከማውራት ይልቅ አገር የሚገነባ ሙያና አስተሳሰብ ይዞ እንዲመጣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እንደ መከሩት ያስታውስ ነበር። ምክሩ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ማየት ለራሱ ዋጋ የለውም ተብሎ ከተተረጎመ ሐሰት ይሆናል። አፈወርቅ ወደ ሥነ ጥበብ ዞሮ ለንደን በስሌድ ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ፣ በ1954 አዲስ አበባ ላይ ሥራዎቹን አሳይቶ ጣሊያንን፣ ፈረንሳይን፣ ስፔንን፣ ፖርቱጋልንና ግሪክን ዞረ፤ በዚህ ጉዞ የባለቀለም መስታወት ሥራን ተማረ፣ በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የተቀመጡትንም የኢትዮጵያ የብራና ሥዕሎች አጠና። የብራና ሠዓሊ ቀለሙን በጥቁር መስመር ያጥረዋል፤ የመስታወት ሠዓሊም የቀይና የቢጫ ቁርጥራጩን በእርሳስ ማዕድን ዘንግ ያስረዋል፤ ሁለቱን ሙያዎች ጎን ለጎን ሊያይ የቻለው በዙረቱ ነው። አዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ የቆመው፣ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የመስታወት ሥራው ያለዚያ ጉዞ ሊታሰብ አይችልም።

መዞር ሁሉ ያስተምራል ማለት ግን አይደለም። በአገሩ ልጆች መካከል ብቻ ተከቶ የሚኖር፣ ወይም ከተማ አይቶ ፎቶግራፍ ብቻ ይዞ የሚመለስ ተማሪ አጃቢውን እንደ ሃሪስ ይዞ ይዞራል እንጂ እንግዳ አልሆነም። ስለዚህ ከሸዋ ሮቢትም ሆነ ከአዲስ አበባ ልጁን የሚልክ ወላጅ፣ ነፃ የትምህርት ዕድል የሚሰጥ ተቋምም፣ ውጤቱን ብቻ ሳይሆን የት እንደ ሄደና ከማን ጋር እንደ ተቀመጠ ሊጠይቀው፣ ለዚያም ጊዜና ገንዘብ ሊመድብለት ይገባል።