ስለ መጐብኘት

ልጆችን በዕረፍት ቀን ከቤት አውጥቶ ወንዝና ሜዳ፥ እርሻና ከብት ማሳየት መልካም ነገር እንደ ሆነ የሚክድ ሰው አናገኝም። መልካም ነው የተባለውን ነገር ደግሞ ብዙ ሰው መመርመር አይወድም። እኛ ግን በዚህ በማታር ከተማ በመንግሥት ሥራ ላይ ሳለን፥ ልጆቻችንን ይዘን ወደ አንድ የከብት ሰፈር ከሄድንበት ቀን ጀምሮ ይህ መልካም የተባለው ነገር ለማን መልካም እንደ ሆነ ስንጠይቅ ቆይተናል። ትምህርታችን ከሁለተኛ ደረጃ ያላለፈ ስለ ሆነ ፍልስፍና ዐዋቂ ነን አንልም፤ ጥያቄው ግን እስከ ቤታችን ደጃፍ ድረስ ስለ መጣ ልንሸሸው አልቻልንም።

ማታርን ለማያውቃት አንባቢ ባጭሩ ለመንገር ያህል፥ በጋምቤላ ክልል በኑዌር ዞን የዋንቱዋ ወረዳ ከተማ ናት። አገሩ ሜዳ ነው፤ ከደጋ የመጣ ሰው ዓይኑን የሚያሳርፍበት ተራራ ያጣል። ከኢሉባቦር ደጋ የሚወርደው የባሮ ወንዝ በዚህ ሜዳ ላይ ወደ ምዕራብ ተጕዞ ከፒቦር ጋራ ይገናኝና ሶባት ተብሎ ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል። በክረምት ውሃው ሞልቶ ሜዳውን ይሸፍነዋል፤ በበጋ ደግሞ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ሣሩ ሲደርቅ የኑዌር ሰው ከብቱን እየነዳ ወደ ውሃው ዳር ይወርዳል፥ ሰፈሩንም በዚያ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1974 የተቋቋመው የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ በዚሁ ክልል ውስጥ ነው፤ ነጭ ጆሮ ቆርኬ መንጋ እየሆነ በደቡብ ሱዳን ካለው ከቦማ ወገን እንደሚፈልስበት የታወቀ ነው። ነገር ግን መኪና የሌለው አባት ሁለት ሕፃናት ይዞ ቆርኬ ለማየት አይነሣም። በአዲስ አበባ ቢሆን ልጅን እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ ተከፈቱት ወደ እንጦጦ ፓርክ ወይም ወደ ወዳጅነት ፓርክ ወስዶ አጫውቶ መመለስ ይቻላል። እዚህ ግን ለልጅ የሚታየው ነገር ሁሉ የሰው ኑሮ ነው፤ በር የለውም፥ የመግቢያ ትኬትም የለውም።

«መጐብኘት» የሚለውን ቃል ጥቂት እንመልከተው። ገበሬ ማለዳ ተነሥቶ ማሳውን ይጐበኛል፤ ጐረቤት የታመመውን ጐረቤቱን ይጐበኛል። በዚህ በጥንቱ አነጋገር የጐበኘ ሰው በጐበኘው ነገር ላይ ዕዳ አለበት። እንስሳ የገባበትን ማሳ አይቶ ዝም ብሎ የሚመለስ፥ የተጠማ በሽተኛ አይቶ ውሃ የማያቀብል ሰው አየ እንጂ ጐበኘ አይባልም። በዛሬው አነጋገር ግን ጐብኚ ማለት አይቶ፥ ፎቶግራፍ አንሥቶ የሚሄድ ሰው ሆኗል። አንዱ ቃል ሁለት ትርጕም ሲይዝ ብዙ ጊዜ አንዱ ትርጕም ሌላውን እየበላ ነው የሚሄደው። እኛም የሄድነው በሁለተኛው ትርጕም እንደ ነበረ አንደብቅም።

ቀኑ በጥር ወር አንድ ቅዳሜ ነው። የስድስት ዓመት ወንድ ልጃችንንና የአራት ዓመት ሴት ልጃችንን ይዘን፥ ከባለቤታችን ጋራ ገና ሳይነጋ ተነሣን። መንገድ መሪያችንና አስተርጓሚያችን በመሥሪያ ቤታችን አብሮን የሚሠራ የአገሩ ተወላጅ ሲሆን፥ ሰፈሩም የእናቱ ዘመዶች ሰፈር ነው። ከሩቅ ያየነው ጢሱን ነበር። ኑዌሮች ትንኝና ቢምቢ ከከብቱ እንዲርቅ ኩበት ያጨሳሉ፤ ሌሊቱን ሲጨስ ያደረው ኩበት ሰፈሩን እንደ ጉም ሸፍኖት፥ ከጢሱ በላይ የሚታየው የበሬዎቹ ቀንድ ብቻ ነበር። አመድ የተቀቡ ልጆች ከዚያ ውስጥ ብቅ ሲሉ ሴት ልጃችን ፈርታ በእናቷ ቀሚስ ተሸሸገች። አስተርጓሚያችን «ማሌ» ብሎ ሰላምታ ሰጠ፤ እኛም የተማርናትን ያችኑ አንዲት ቃል ደገምናት።

ከልጃችን በዕድሜ የማይበልጥ አንድ ልጅ እበቱን በእጁ እየዛቀ እንዲደርቅ በፀሐይ ላይ ያሰጣ ነበር። ያንን ሲጨርስ ጥጃውን ከላሚቱ አላቅቆ ያዘ፥ እኅቱም አለበች። ልጃችን ይህን ቆሞ ሲመለከት ቆየና «አባባ፥ ይህ ልጅ ዛሬ ቅዳሜ መሆኑን አያውቅም እንዴ?» አለን። ምን ብለን እንደምንመልስለት ስንቸገር፥ ያ የአመዱ ልጅ ደግሞ በተራው ልጃችንን በአስተርጓሚው በኩል «የእናንተ ከብት የት ነው የሰፈረው?» ብሎ ጠየቀው። ልጃችን «እኛ ከብት የለንም» አለ። ልጁ ወደ አያቱ ዞሮ አንድ ነገር ሲናገር ሰዎቹ ሳቁ። አስተርጓሚያችን ለመተርጐም ካመነታ በኋላ «‘ታዲያ ምን ይበላሉ? ወተት ስጧቸው’ ነው ያለው» አለን።

ልናይ ሄደን ታየን፤ ልናዝን ሄደን ታዘነልን። እዚህ ላይ አንባቢ ፈገግ ቢል አንቀየምም፥ እኛም በኋላ ስቀናል። ነገር ግን በዚያች ሰዓት የተሰማን ነገር ኀፍረት ነበር፤ ኀፍረቱም ከምን እንደ መጣ ለማወቅ ብዙ ቀን ፈጅቶብናል።

አንደኛው ምንጩ ይህ ይመስለናል። እኛ ራሳችን በጎጃም የተወለድን የገበሬ ልጅ ነን። ጥጃ ጠብቀናል፤ እህል ሲያፈራ ማማ ላይ ወጥተን በወንጭፍ ወፍ አባርረናል። አንዲት ጥጃ የጠፋችብን ዕለት አባታችንን ፈርተን ወደ ቤት ሳንመለስ፥ ከአንድ ዋርካ ላይ ወጥተን የጅብ ድምፅ ስንሰማ ያደርንባትን ሌሊት እስከ ዛሬ አንረሳትም። እውነቱን ለመናገር፥ ወደ ትምህርት ቤት የሄድነው ዕውቀትን ወደን ሳይሆን ጥጃዎቹን ሸሽተን ነው። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሰን፥ ብዕር ይዘን፥ ከወንበር ላይ ከተቀመጥን በኋላ ግን፥ ያ የሸሸነው ነገር ከሩቅ ሲታይ አማረን፤ ለልጆቻችንም እንደ ከረሜላ ልንሰጣቸው ወደድን። እኛ በግዴታ የኖርነውን እነርሱ በሽርሽር እንዲያዩት ማድረግ ስጦታ ነው ወይስ ሐሰት? ሰፈሩ ውብ ነው ብለን ለልጃችን ስንነግረው፥ የዛፉን ሌሊት አብረን አልነገርነውም።

ይሁን እንጂ ተቃራኒውንም መናገር ይገባናል። በኑዌር ልማድ ላም የሚያልቡት ሴቶችና ልጆች ናቸው፤ ወንድ ልጅ የጕልማሳነትን ሥርዐት ካለፈ በኋላ አያልብም። ይህንን እንግሊዛዊው ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ስለ ኑዌሮች ባሳተመው መጽሐፍ ጽፎታል። እንግዲህ በዚያ ሰፈር ያለ ጐበዝ ጦር ይዞ መንጋውን ቢጠብቅም፥ የሚጠጣትን ወተት የሚያገኘው ከሴቶቹና ከልጆቹ እጅ ነው። ያ የስድስት ዓመት ልጅ ጥጃውን ባይዝ የቤቱ ወተት ይቀራል፤ እርሱም ይህን ያውቃል። የእኛን ልጅ እጅ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም ሰው አልፈለገውም። የሥራ ብዛት ልጅን እንደሚጐዳ ከራሳችን ገላ እናውቃለን፤ ለማንም የማያስፈልጉ መሆን ልጅን ይጐዳው እንደ ሆነ ግን ከዚያ በፊት ጠይቀን አናውቅም ነበር።

ወተቱ በቅል መጣ። ያልፈላ ወተት የሳንባ ነቀርሳና ሌላም በሽታ ሊያስተላልፍ እንደሚችል የጤና ባለሙያዎች ያስተምራሉ፤ ባለቤታችንም ይህን ስለምታውቅ «እማማ፥ ልጆቹ በልተው ነው የመጡ» ብላ አያቲቱን ለማታለል ሞከረች። ሴት ልጃችን ከቀሚሱ ሥር ሆና «አልበላንም!» አለች። ከዚህ በኋላ ከእውነት በቀር መውጫ አልነበረንም፤ ነገሩ በአስተርጓሚው በኩል እንዳለ ተነገራቸው። አያቲቱ አልተቀየሙም። ወተቱን ከያዝነው ፔርሙስ ውስጥ ራሳቸው ገልብጠው፥ ቤታችን ገብተን እንድናፈላው ነገሩን። እኛም ከዚህ ሁሉ በኋላ መቶ ብር አውጥተን ዘረጋን። እጃቸውን አልሰነዘሩም። አስተርጓሚያችን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወደ ኪስዎ ይመልሱት» አለን።

ከሁሉ ይልቅ ያሰብንበት በዚህ በመቶ ብር ነው። ገንዘቡን የዘረጋነው ለጋስ ሆነን መስሎን ነበር፤ በኋላ ስንመረምረው ግን ዕዳችንን እዚያው ዘግተን ለመሄድ ፈልገን ኖሯል። የከፈለ ሰው ነጻ ነው፤ ነገ በመንገድ ላይ ቢያገኛቸው ሰላምታ ባይሰጥም አይወቀስም። ያልከፈለ ግን ይታሰርበታል። አያቲቱ ገንዘቡን እንቢ ሲሉ እኛን በጥንቱ ትርጕም ጐብኚ አደረጉን፤ እኛ ግን በዚያን ጊዜ አልገባንም።

እንዳልገባንም የታወቀው በመጋቢት ነው። አንዲት ሴት ለልጅዋ የልደት ምስክር ወረቀት ልታወጣ ወደምንሠራበት ቢሮ መጣች። ሥራ በዝቶብን ስለ ነበረ ቀና ብለን ሳናያት ነገ እንድትመለስ በእጃችን አመለከትን። የነገ መመለስ ለእርሷ የስንት ሰዓት መንገድ እንደ ሆነ አልጠየቅንም። ልጃችን ከትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ ቢሮው ሲገባ፥ ደጃፉ ላይ የተቀመጠውን ልጅ አይቶ «አባባ፥ ያ የጥጃው ልጅ ውጭ ተቀምጧል!» ብሎ ጮኸ። ያች ሴት እናቱ ነበረች። ወተታቸውን የጠጣን ሰዎች ፊታቸውን አላወቅነውም፤ ልጁ ግን አወቀው። ወረቀቱ በዚያው ቀን ተጻፈ። ይህን ለምስጋና አንናገረውም፤ ልጃችን ባይገባ ኖሮ አይጻፍም ነበርና። ደግሞም ወተት ላልሰጠን ሰው ወረቀቱ በዚያው ቀን አይጻፍለትም ማለት ነው ወይ? ይህኛው ጥያቄ ከፊተኛው የሚከብድ ሆኖ አሁንም በጠረጴዛችን ላይ ተቀምጧል።

አንድ የሥራ ባልደረባችን ይህን ሁሉ ሰምቶ «መጀመሪያውኑ ሕፃናት ይዞ ወደዚያ መሄድ ድፍረት ነው» ብሎናል። ነገሩ ቀላል አይደለም። ወንዙ አዞ አለበት፤ ቢምቢው ወባ ያመጣል። ከሁሉም በላይ ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን ድንበር ተሻግረው በመጡ ታጣቂዎች በዚህ በኑዌር ዞን ከ200 በላይ ሰዎች ተገድለው ከ100 በላይ ሕፃናት ተወስደዋል፤ ከተወሰዱትም በኋላ ብዙዎቹ ተመልሰዋል። እኛ ለሦስት ሰዓት ስንሄድ የፈራነው ፍርሀት የእነዚያ እናቶች የዕለት ተዕለት እንጀራ ነው። ልጃችንን ይዘን ስንመለስ እፎይ ያልንባት መንገድ፥ ለእነርሱ መግቢያም መውጫም ናት። ይህን ካወቅን በኋላ ፍርሀታችን አልቀነሰም፤ ስለ ፍርሀታችን ማውራት ግን አሳፈረን።

የፈረንሳይ ቋንቋ ጸሐፊ የነበረው ሩሶ እ.ኤ.አ. በ1762 ስለ ልጅ አስተዳደግ ባወጣው «ኤሚል» በተባለው መጽሐፉ ውስጥ አንድ ነገር ይተርካል። አስተማሪው ልጁን ወደ አትክልት ቦታ ወስዶ ባቄላ ያስተክለዋል፤ ልጁም በየቀኑ ውሃ እያጠጣ ሲደሰት አንድ ቀን ባቄላው ተነቅሎ ያገኘዋል። የነቀለው አትክልተኛው ነው፤ ልጁ በተከለበት ቦታ ላይ አትክልተኛው አስቀድሞ ሐብሐብ ዘርቶ ኖሯል። ሩሶ ይህን ያመጣው ልጅ የሰውን ንብረት ማክበር በምን እንደሚማር ለማሳየት ነው። ይህን የጻፈው ሰው የገዛ ልጆቹን ወላጅ ለሌላቸው ሕፃናት ማሳደጊያ የሰጠ መሆኑን ስናስታውስ ምክሩን በሙሉ ልብ ለመቀበል ያስቸግራል፤ ቢሆንም ታሪኩ ከአእምሯችን አልጠፋም። ልጅ የሰውን እርሻ አይቶ ብቻ የሚማረው ነገር ትንሽ ነው፤ የራሱ የሆነ ነገር ተነቅሎበት ሲያለቅስ ግን የሌላው ድካም ይገባዋል።

ስለዚህ በግንቦት ዝናቡ ሲጀምር ከቤታችን ጓሮ ያለችውን ጥቂት መሬት ቈፍረን ለልጆቻችን በቈሎ አስዘራናቸው። ከብቶቹ በዚያን ጊዜ ከወንዙ ዳር ወደ መንደሩ ተመልሰው ስለ ነበር፥ ያ ልጅ ከእናቱ ጋራ ወደ ገበያ ሲመጣ ከቤታችን ጐራ ማለት ጀምሮ ነበር። ቋንቋቸው ባይገናኝም ከልጃችን ጋራ ይጫወታሉ። በቈሎው እንደ ጣት በቅሎ ሳለ አንድ ቀን መጣና፥ ከማሳው ዳር ቆሞ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፥ ልክ እኛ ሰፈራቸውን እንዳየነው ዓይነት አየው። ከዚያም ጐንበስ ብሎ፥ አንዱን እየተወ አንዱን ይነቅል ጀመር። ልጃችን እየጮኸ ወደ እኛ ሮጠ። ስንወጣ ልጁ ግማሹን ጨርሶ ነበር፤ ከነቀላቸው ችግኞች አንዱን ወደ እኛ ዘርግቶ፥ ሁለቱን እጆቹን አጣብቆ ካሳየን በኋላ አራቃቸው። አቀራርበን ዘርተን ኖሯል። ልጃችን እንባውን ሳይጠርግ ጥቂት ሲያየው ቆየና፥ ከጐኑ ተቀምጦ የቀረውን አብሮት ይነቅል ጀመር።