አገልጋይ ማነው?

«አገልጋይ» የምትለው ቃል በአገራችን ሁለት ኑሮ ትኖራለች። በጓዳ በኩል ስትገባ ሎሌ፣ ገረድ፣ ተላላኪ ማለት ናት። በቤተ ክርስቲያን በር ስትገባ ግን ድምፅ ማጉያ ጨብጣ መድረክ ላይ ትቆማለች። ነገሩ የኛ ብቻ አይደለም። «ዲያቆን» በግሪኩ ማዕድ የሚያስተናግድ፣ «ሚኒስትር»ም በላቲኑ አገልጋይ ማለት ነበር። ታዲያ ዛሬ ሚኒስትር ሲባል ሎሌ ትዝ የሚለው ማነው? የሰው ልጅ ዝቅ ያለውን ስም ሁሉ ቀስ በቀስ ወንበር ላይ ያወጣዋል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ መድረክ የማይወጣው ክርስቲያን፣ በሶዶ ገበያ ቅቤ የምትሸጠው፣ በቦዲቲ ጠመኔ ጨብጦ የሚያስተምረው፣ በጓሮዋ እንሰት የምትፍቀው፣ ራሳቸውን የክርስቶስ አገልጋይ አድርገው ማየት ይገባቸዋል? ወይስ ይህ ድካምን በጥሩ ቃል ማባበል ነው?

ወላይታ ለዚህ ምስክር አላት። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚስዮን ሰዎች ሶዶ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። በ1937 ጣሊያን ሲያስወጣቸው ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ ምእመናን 48 ብቻ ነበሩ። የውጭ ሰባኪ የለ፣ በወላይትኛ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ የለ። እንደ ዋንዳሮ ዳባሮ ያሉት ታሰሩ፣ ተገረፉ። ሆኖም ጣሊያን ተባሮ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞች ጠበቋቸው። ከዚያም አልፎ ከወላይታ ወደ ጎፋ፣ ወደ ዳውሮና ወደ አሪ ወንጌል ይዘው የሄዱ ቤተሰቦች ነበሩ።

ታዲያ ይህን ያደረገው ማነው? የዋንዳሮ ስም ተጽፎ ቀርቷል፤ ይገባዋልም። ነገር ግን በዚያ ዘመን እስረኛን የሚቀልበው መንግሥት ሳይሆን ወገኑ ነበር። አማኞቹ ለታሰሩት ስንቅ ተሸክመው ይመላለሱ ነበር፤ የሌላው እስረኛም ከዚያው ይቀምስ ነበር። ያንን ቆጮ የጋገረችው ሴት ስሟ የት አለ? ሰው ግን «እነዚህ እንዲህ የሚዋደዱ ምንድን ናቸው?» ብሎ የጠየቀው ስብከት ሰምቶ ብቻ አይደለም፤ እንቅቡንም አይቶ ነው እንጂ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነስቶ፣ «ሁሉ አገልግሎት ከሆነማ እኮ ምንም አገልግሎት የለም» ሊለን ይችላል። ሌላውም የባሰውን ያመጣል፦ «ይህ ሕዝብ ከ1887ቱ ዘመቻ በኋላ ገባር ሆኖ የኖረ ነው። ማገልገልን እናንተ ልታስተምሩት ነው? ‹አገልጋይ ነህ› ማለትስ ጌታውን አያስደስትም?» ይህ ክርክር በዋዛ የሚታለፍ አይደለም።

ለመጀመሪያው መልሱ አጭር ነው። ሥራ አገልግሎት የሚሆነው ስም ስለወጣለት ሳይሆን ለሌላው ሲባል በእውነት ስለተሠራ ነው። ከቦሎሶ በእግሩ የመጣውን ገበሬ ያለ ምክንያት «ነገ ና» የሚል ጸሐፊ፣ እሑድ በመዘምራን ውስጥ ቢያዜምም ሰኞ ዕለት አገልጋይነቱን ክዷል። በሽተኛ ገላውን የምታጥብ ነርስ ግን አንድም ቃል ሳትሰብክ በቦታዋ ላይ ናት።

ሁለተኛው ይከብዳል። ገባሩ ያገለገለው ተገዶ ነው፤ እምቢ ማለት አይችልም ነበር። እምቢ ማለት የማይችል ሰው አገልግሎት በጉልበት የተወሰደበት ነው፣ ከልቡ የሰጠው አይደለም። ክርስቶስ የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጥብ ግን ያጠበው መምህሩ ነው፤ ጎንበስ ያለው ከላይ ያለው ነው። ስለዚህ ትምህርቱ በመጀመሪያ የሚደርሰው ለተጫነው ሳይሆን ለጫነው ነው። ለደከመች ሴት «አገልጋይ ነሽ» እያለ ቁጭ ብሎ የሚበላ ባል ወንጌሉን ገልብጦ አንብቧል።

መለኪያውም እዚያው አጠገባችን ነው። በወላይታ ሸክላ ሠሪው ጭናሻ፣ ቆዳ ፋቂው ደገላ እየተባለ ብዙ ዘመን ተንቋል። በሠሩት ማሰሮ እየበሉ ከሠሪው ጋር አለመብላት! ራሱን የክርስቶስ አገልጋይ ነኝ የሚል ሁሉ በመድረክ ላይ ስንት ጊዜ ቆመ ተብሎ ሳይሆን፣ ከማን ጋር እጁን ታጥቦ ወደ ማዕድ ቀረበ ተብሎ ይጠየቅ።

አገልጋይ መባል የማንንም ሸክም አያሳምርም፤ ሸክሙን የሚካፈል ትከሻ ግን ይጠይቃል። ትከሻው የማን ይሁን?