የመጻሕፍት ተራና የዕውቀት ሚዛን



በብዙ አገሮች ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ገብታችሁ ስለ እስልምና የተጻፈ መጽሐፍ ብትጠይቁ «297» የሚል ቁጥር ወዳለበት መደርደሪያ ትመራላችሁ። ይህ ቁጥር የመጣው አሜሪካዊው ሜልቪል ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ካወጣው የአመዳደብ ዘዴ ነው። ዲዊ የሰውን ዕውቀት በ10 ታላላቅ ክፍሎች ከፈለ። ሃይማኖት ከ200 እስከ 299 ያለውን ቁጥር አገኘ። ከዚህ ውስጥ ከ220 እስከ 289 ያለው ለመጽሐፍ ቅዱስና ለክርስትና ሲውል፣ የሌሎች ሃይማኖቶች መጻሕፍት በ290ዎቹ ተጠጋግተው ተቀመጡ። ሰውየው የአንድ አሜሪካ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበርና በፊቱ የነበሩትን መጻሕፍት ተመልክቶ ደረደረ።

ለመሆኑ ዕውቀት ከራሱ የሆነ ተራ አለውን? ወይስ ተራውን የሚሰጠው ደርዳሪው ነው?

ከዲዊ 900 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በ377 ዓመተ ሂጅራ፣ ኢብን አን-ነዲም የተባለ የባግዳድ መጽሐፍ ነጋዴ «አል-ፊህሪስት» የተሰኘውን የመጻሕፍት ማውጫ አዘጋጀ። እርሱም 10 ክፍል አደረገው። ነገር ግን ቁርኣንን በመጀመሪያው ክፍል አኖረ፤ ፊቅህንና ሐዲስን በ6ኛው፣ ፍልስፍናን፣ ሒሳብንና ሕክምናን በ7ኛው አስቀመጠ። በአገራችንም የወሎ ደረሳ ለፊቅህ ወደ አንዱ ሸኽ፣ ለነህው ወደ ሌላው ይጓዝ ነበር። ፈኑ የሚፈለገው በሸኹ ስም ነበርና መደርደሪያው ሰው ነበር ማለት ይቻላል።

እንግዲህ አመዳደብ የፈለጉትን ለማግኘት የሚረዳ መሣሪያ ነው። የዕውቀትን ክብር አይለካም። ይህን የምናነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በየቤታችን «የዲን ትምህርት» እና «የዱንያ ትምህርት» የሚባሉ ሁለት መደርደሪያዎች አሉ። አንዱ ወላጅ ፈተና ደረሰ ብሎ ልጁን ከመድረሳ ያስቀራል። ሌላው ሕክምናና ሒሳብ ለአኼራ ምንም የማይፈይዱ ይመስለዋል። ሁለቱም ለመፈለጊያ የተሰመረውን መስመር ግድግዳ አድርገውታል።

ኢማም አል-ገዛሊ (ረሒመሁላህ) በ«ኢሕያእ ዑሉሚድ-ዲን» ዕውቀትን ሲመድቡ ግዴታው በማን ላይ እንደሆነ ጠየቁ። እያንዳንዱ ሙስሊም ለራሱ ሊያውቀው የሚገባው ፈርድ ዐይን ነው። ጥቂቶች ሲያውቁት ከሌላው ላይ የሚነሳው ደግሞ ፈርድ ኪፋያ ነው። ሕክምናንና ሒሳብን ከፈርድ ኪፋያ ቆጠሩ። ሰዎች በፊቅህ ላይ እየተጋፉ ስንት ከተማ ሙስሊም ሐኪም አጣ ብለውም ወቀሱ። በዚህ አመዳደብ ቁጥሩ የሚለጠፈው በእኛው ትከሻ ላይ ነው።

«ታዲያ ዕውቀት ሁሉ እኩል ነውን?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ሶላቱን አስተካክሎ መስገድ ያልተማረ ልጅ የቱንም ያህል ሒሳብ ቢችል ቀዳሚው ግዴታ ቀርቶበታል። እንደ ሲሕር ያለ ጎጂ ዕውቀትም አለ። ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ከማይጠቅም ዕውቀት በአላህ ይጠበቁ ነበር። በሱረቱል ጁሙዓም ተውራትን ተሸክመው ያልሠሩበት ሰዎች መጻሕፍት በተጫነ አህያ ተመስለዋል። አህያ የተጫነውን በየትኛውም ተራ ብትደረድሩለት ጭነት እንጂ ዕውቀት አይሆንለትም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁ ከመድረሳም ሆነ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ስንት እንዳገኙ ብቻ አትጠይቋቸው። የተማሩት በእነርሱ ላይ የማን ሐቅ እንደሆነና ማንን እንደሚጠቅሙበትም ጠይቋቸው።

አላህ (ሱ.ወ.) ጠቃሚ ዕውቀትን ከሥራ ጋር ይወፍቀን። አሚን።