የወለቀ መጥረቢያ፣ የታወቀ በሬ

ዘዳግም ምዕራፍ 19 ስለ አንድ እንጨት ቆራጭ ይናገራል። ከባልንጀራው ጋር ዱር ገብቶ መጥረቢያውን ሲሰነዝር ብረቱ ከእጀታው ወልቆ ጓደኛውን ይገድለዋል። ጥላቻ ስላልነበረበት ሕጉ የመማጸኛ ከተማ ይሰጠዋል። በዘጸአት 21 ያለው የበሬ ባለቤት ግን እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም፤ በሬው ወጊ መሆኑ ተነግሮት ሳይጠብቀው ቀርቶ ሰው ከሞተ በደሙ ይጠየቃል። ሁለቱም ሰው ለመግደል አላሰቡም። የለያቸው ማወቅ ነው። መሣሪያ በእጁ የያዘ ሰው ኃላፊነትም የሚመዘነው በዚሁ ይመስለኛል።

በአሜሪካ፣ እንደ ቴክሳስና አሪዞና ባሉ መርዘኛ እባብ በሚበዛባቸው ገጠሮች፣ ሪቮልቨር ሽጉጣቸውን ደቃቅ የርሳስ ፍሬ በታጨቀበት ጥይት የሚያጎርሱ ሰዎች አሉ። ሲሲአይ የተባለው ፋብሪካ በሚሠራው ዓይነት ፍሬዎቹ በቀጭን የፕላስቲክ ቀፎ ውስጥ ናቸው፤ ቁጥር 9 የሚባለው ፍሬ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቀፎው በበርሜሉ ጠመዝማዛ ቦይ እየሾረ ይሄድና ተሰብሮ ፍሬውን ይበትናል። አንዳንድ ሪቮልቨር ደግሞ ከአፈሙዙ አጠገብ፣ በበርሜሉ አናት ላይ ቀዳዳዎች አሉት፤ የባሩዱ ጋዝ በእነሱ ወደ ላይ ሲወጣ አፈሙዙን ወደ ታች ስለሚገፋው ሽጉጡ ብዙ አይዘልም። ለድፍን እርሳስ ይህ መልካም ብልሃት ነው። ቀፎው ቀዳዳዎቹ ጋ ሲደርስ ከተሰነጠቀ ግን የፕላስቲክ ስባሪውና የርሳሱ ቅንጣት ከጋዙ ጋር ሽቅብና ወደ ጎን መውጫ አገኙ ማለት ነው። በዚያ አቅጣጫ ያለው እባቡ ሳይሆን የተኳሹ ዓይንና አጠገቡ የቆመው ሰው ነው፤ ሽጉጡን ወደ ደረቱ አስጠግቶ ለሚተኩስ ሰው ደግሞ አደጋው ይብሳል።

«ደጋግሜ ተኩሻለሁ፣ ምንም አልሆንኩም» የሚል ይኖራል። ዘዳግም 22 ግን አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ጣሪያው ላይ መከታ እንዲያደርግ የሚያዘው ገና ማንም ሳይወድቅ ነው፤ እስከ ዛሬ አለመውደቅ መከታ አይሆንም። «አደጋው የራሴ ነው» ለሚለውም፣ ጎኑ የቆመው ልጅ ወይም ጓደኛ መቼ ፈቀደ? ከሁሉ የሚከብደው ክርክር የጭንቅ ጊዜው ነው፤ እባቡ እግር ሥር ከተጠመጠመ ስለ ቀዳዳ ማን ያስባል? እውነት ነው፣ በዚያች ቅጽበት ምላጭ የሳበን ሰው ለመውቀስ አልደፍርም። ነገር ግን ጥይቱ የተመረጠው በዚያች ቅጽበት አይደለም። ቤት ውስጥ፣ በእርጋታ፣ የበርሜሉ ቀዳዳ በግልጽ እየታየ ነው የተጎረሰው። የሚጠየቀውም ያን ጊዜ ስላደረገው ነው፤ ቀዳዳ የሌለው በርሜል መያዝ ይችል ነበር፣ እባቡንም አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ በማለት ማለፍ ይቻላል።