ዝቅ ብሎ ማየት

ካሜራ ይዞ በግንብ የታጠረችው የሐረር አሮጌ ከተማ ጀጎል የገባ ሰው መጀመሪያ የሚቸግረው ወደ ኋላ ማፈግፈጊያ ማጣቱ ነው። ፊቱም ግንብ፣ ጀርባውም ግንብ። ሰፋ ያለ ሾት ልውሰድ ቢል ፍሬሙን የሚሞላው ቀለም የተቀባ ግድግዳ ነው። ብዙዎች ታዲያ ድሮን ያስነሳሉ። ከላይ የታየችው ሐረር ታምራለች፤ ዳሩ ግን «መኪና ግርግር» የሚባለው መንገድ ልብስ ሰፊዎች እጅ ከዚያ ከፍታ አይታይም። ለእኔ ሐረር የምትቀረጸው ከቅርብ ሆኖ፣ ዝቅ ተብሎ ነው።

ገጣሚው አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1883 ካሜራ ከፈረንሳይ አስመጥቶ እዚህ ራሱን ፎቶ አንስቷል፤ ከሩቅ፣ ቆሞ፣ ሙሉ ቁመናው እንዲታይ። የፎቶው ማጠቢያ ውኃ መጥፎ ስለነበር ምስሉ ነጣ። ፊቱ ደብዝዞ ዛሬ የሚታየን አቋሙና ልብሱ ነው።

ሐረር ያደገችው ጄሲካ በሽር በ«ፋያ ዳዪ» (2021) ተቃራኒውን አደረገች። አሥር ዓመት ገደማ በፈጀው በዚህ ጥቁርና ነጭ ፊልም ካሜራዋ ጫት የሚለቅሙና የሚያስሩ እጆች ዘንድ ተጠግቶ ይቆያል። ሾቱ ሳይቸኩል ስለሚቆይ ተመልካቹ ቅጠሉን ብቻ ሳይሆን ድካሙንም ያያል።

የሐረሪዎች ቤት ደግሞ ስለ አንግል ብዙ ያስተምራል። በዋናው ክፍል፣ በጊዲር ጋሩ፣ ነደባ የሚባሉት የመቀመጫ መደቦች ከፍና ዝቅ ብለው ተሠርተዋል፤ የአባወራው መቀመጫ ሌላ፣ የታናናሾቹ ሌላ። በፊልም ሙያ ከላይ ወደ ታች የተቀረጸ ሰው ያንሳል፣ ከታች ወደ ላይ የተቀረጸ ይገዝፋል። እዚህ ቤት ቆሞ የሚቀርጽ ካሜራማን አዛውንቱን ሳያስበው ያሳንሳቸዋል። ዝቅ ካለው ነደባ ላይ ቢቀመጥ ግን ሌንሱ በትንሹ ቀና ይላል፤ ታናሽ ታላቁን የሚያየው እንደዚያ ነው። ግንበኛው አንግሉን ካሜራ ሳይመጣ በፊት ወስኖታል።

እንቅስቃሴውም እንዲሁ። ከከተማዋ ውጭ ካለው ከገጠሩ ሶፊ ምርቷን ተሸክማ ወደ ሐረር የምትሄድን ሴት አንድ ቦታ ቆሞ ካሜራውን በማዞር መከተል ይቻላል፤ መጥታ ታልፋለች፣ በቃ። በእርምጃዋ ልክ አብሯት የሚሄድ ካሜራ ግን ትንፋሿን ይሰማል፣ ሸክሟን ስታስተካክል ይደርስባታል።

ሐረርን ልትቀርጹ የምትመጡ ወጣቶች፣ ድሮኑን ለጊዜው አቆዩት። ፈቃድ ጠይቁ፣ ጫማችሁን አውልቁ፣ ቁጭ በሉ፤ ካሜራውን ከዚያ በኋላ አብሩት።