ሕመምን የሚያውቀው ማን ነው? የቡታጅራ ተሞክሮ

እ.ኤ.አ. በ1986 የአዲስ አበባና የስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲዎች በቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም ጀመሩ፤ መነሻው ልደትንና ሞትን መመዝገብ ነበር። ኋላ የሥነ አእምሮ ተመራማሪዎች ቡታጅራ በምትገኝበት በመስቃንና ማረቆ ወረዳ ከ68,000 በላይ ጎልማሶችን ቤት ለቤት ጠየቁ። ከመጠይቁ ጎን ለጎን አካባቢውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ነዋሪዎችንም አማከሩ። ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን በመለየት ረገድ እነዚህ ሰዎች መጠይቁ የሳታቸውን ጠቆሙ።

ሕመምን የሚያውቀው ማን ነው የሚለው ከባድ የፍልስፍና ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል። ሐኪሙ ምልክትን፣ የሥነ ሕዝብ ባለሙያው ብዛትን ያያል፤ ጎረቤት ደግሞ ሰውየው ከዕድርና ከለቅሶ መቅረቱን ያስተውላል። የጎረቤትን ዕውቀት ለሳይንስ ጥሬ ዕቃ ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው፤ ራሱን የቻለ ማስረጃ ነውና። በሶዶ ወረዳ የአእምሮ ሕክምና ከጤና ጣቢያ አገልግሎት ጋር ሲዋሐድም ተመራማሪዎች ከጤና ሠራተኞችና ከማኅበረሰቡ ጋር አብረው አቅደዋል።